ከአንተ በኋላስ?

ቲላካ ሙዳላሊ ሃይማኖት የያዘው በአርባ ስድስት ዓመቱ ነው። እስከዚያ የያዘው ሱቅ ብቻ ነበር። ሙዳላሊ ሲባል ደግሞ ትልቅ ማዕረግ እንዳይመስላችሁ፤ እኛ አገር ባንኮኒ ያለው ሁሉ ሙዳላሊ ነው። ሱቁ ከቡድሃው ቤተ መቅደስ በር ፊት ለፊት ነው። ሚስማር፣ ቀለምና የውሃ ቧንቧ ይሸጣል። ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት በቅዱሱ ቀን፣ መጠጥ በሕግ በሚከለከልበት ቀን፣ ከባንኮኒው ስር አረቄ ይሸጣል። በመንደራችን በኪሪንደኒያ ይህን የማያውቅ የለም። ታዲያ ሙስሊሞቹ የሳሊህ ልጆች ከማዶ ሱቅ ከፍተው ሚስማር በርካሽ መሸጥ ሲጀምሩ፣ ቲላካ በዚያው ወር የቡድሃ ሃይማኖት አደጋ ላይ መውደቁን ደረሰበት።

ከከተማ አንድ ተናጋሪ መነኩሴ አስመጣ። ሰውየው በድምፅ ማጉያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጮኸ። ሙስሊም እንደ ጥንቸል ይራባል፣ ከሱቃቸው አትግዙ፣ ምግባቸው ውስጥ መካን የሚያደርግ ኪኒን ይጨምራሉ አለ። እኔ ሙስሊሟ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ኖሬ፣ ባሌን እስክቀብር ድረስ አንድ ልጅ ያልወለድኩት ሴት፣ በራፌ ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ሳቄ መጣ።

በማግስቱ ደንበኞቼ በፊት በር መምጣት አቆሙ። በጓሮ በር ግን መጡ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለቡድሃ የእሁድ ትምህርት ቤት የሚለበሰውን ነጭ ሸሚዝ በዚህ መንደር ከእኔ ሌላ በወጉ የሚሰፋ የለም። ጨርቁን ፌስታል ውስጥ ደብቀው ይገባሉ፤ «እህት ናፊላ፣ እኛ እንኳ እንዲህ ያለውን ነገር አንወድም» ይሉኛል በሹክሹክታ። በሹክሹክታ የሚወደኝን ሰው ምን ላድርገው? ለካሁ፣ ሰፋሁ፣ በጓሮ ሸኘሁ።

አባቴ ኡዱማ ሌብቤ የዚሁ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጨው አምጪ ናቸው። አዎ፣ ሙስሊም ሆነው። በነገሥታቱ ዘመን የአባቶቻችን አባት ከባህር ዳር ጨው በበሬ ጭኖ ወደዚህ ተራራ ወጣ። ንጉሡ የቤት ቦታና ሁለት የሩዝ ማሳ ሰጠው፤ በምትኩ እሱና ዘሩ በየዓመቱ ለበዓሉ ጨው እንዲያመጡ። ከበሮ መቺውም፣ ሸክላ ሠሪውም፣ ልብስ አጣቢውም መሬታቸውን የያዙት እንደዚሁ በአገልግሎት ነው። አገልግሎቱ አንድ ዓመት ከተጓደለ መሬቱ ወደ ቤተ መቅደሱ ይመለሳል።

አሰጣጡም ሥርዓት አለው። በበዓሉ ቀን ጠዋት፣ ለሰልፉ የሚወጡት ዝሆኖች ልብሳቸውን ከመልበሳቸው በፊት፣ ከበሮ መቺው በሩ ላይ ይቆምና «ጨው መጣ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። «መጣ» ይባላል። «ማን አመጣው?» ሲል አባቴ ሰባት አባቶቻቸውን ጠርተው በራሳቸው ስም ይጨርሳሉ። «ከአንተ በኋላስ?» ሲል ወራሻቸውን ይጠራሉ፤ ወራሹ «አለሁ» ይላል፤ ከበሮው ይመታል፤ ለአንድ ዓመት ጣጣ የለብንም። ወራሹ እስከ ሦስት ጊዜ ይጠራል። ሦስቴ ተጠርቶ አለሁ ባይ ከጠፋ ያ ቤት ወራሽ የለውም ተብሎ መሬቱ ይሄዳል።

አባቴ ይህን ሃምሳ አንድ ዓመት አድርገውታል። ወንድሜ ሪፋይ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ «አለሁ» ሲል ኖሯል። አረብ አገር ሹፌር በነበረባቸው ስድስት ዓመታት እንኳ በስልክ ይለው ነበር። ስልኩን ከፍ አድርጌ ከበሮ መቺው ጆሮ ስር የምይዘው እኔ ነበርኩ። አምና ሁለት ሻንጣና አንድ ስንዝር ጺም ይዞ ተመለሰና የመስጊዱ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚበላውም የሚለበሰውም ሁሉ እሱ ፊት ቀርቦ ይፈተን ጀመር።

ማሳችን ከአውቶቡስ መንገዱ ዳር ነው። ዘንድሮ እዚያው አጠገብ አዲስ የአውቶቡስ ማቆሚያ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ መጣ። ወሬው በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ቲላካ የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ ተመረጠ። ሁለቱን ነገር ለማገናኘት መማር አያስፈልግም።

ከዚያ ደብዳቤ ደረሰን። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። «የተከበሩ ኡዱማ ሌብቤ፣ ዕድሜዎንና የጉልበትዎን ሕመም በማሰብ የዘንድሮውን ጨው ኮሚቴው ራሱ አሟልቷል፤ እንዳይደክሙ። በተጨማሪም በወቅቱ ሁኔታ ምክንያት በበዓሉ ሰሞን የሌላ እምነት ተከታዮች ወደ ቅጥሩ ባይገቡ ይመረጣል።»

«አየሽ፣ ለጉልበቴ አዘኑ» አሉኝ።

«ዋፓ፣ ያዘኑት ለማሳዎ ነው» አልኳቸው። አባታችንን ዋፓ ነው የምንላቸው። «የዋና መነኩሴው ማኅተም የታለ? ቲላካ ብቻውን ነው የጻፈው። ዘንድሮ ካልሄዱ አገልግሎቱ ተጓደለ ብሎ መሬቱን በቤተ መቅደሱ ስም ይወስድና ለራሱ ሱቅ ይሠራበታል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «የተከበሩ ይላል እኮ» አሉ ቀስ ብለው። በአባቴ የምናደደው በዚህ ነው፤ ሰው በወረቀት ላይ ካከበራቸው ይበቃቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ከበሮ መቺው ዊማላሴና በጓሮ መጣ። ከበሮ መቺ ዘሩ ዝቅ ያለ ነው ስለሚባል፣ ቲላካ ቤት ደጅ አቁመው በተለየ ጣሳ ነው ሻይ የሚሰጡት። ሁለቱም አንድ ቡድሃ ፊት ነው የሚንበረከኩት፤ የሃይማኖት ወንድማማችነታቸው ጣሳው ላይ ሲደርስ ያልቃል። እኛ ቤት ግን ወንበር ስቦ በእኛው ብርጭቆ ይጠጣል።

«ናና፣ ጉዱን ሰምተዋል?» አለ። ሲንሃላዎች፣ የመንደራችን የቡድሃ ተከታዮች፣ ትልቅ ሙስሊም ወንድ ሲጠሩ ናና ይላሉ፤ ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው። «ሙዳላሊው ሃምሳ ፓኬት ጨው አስገዝቷል። እኔ ጨው መጣ ወይ ስል የሱቁ ሠራተኛ መጣ ይላል፤ አንተ ዝም ብለህ ምታ ብሎኛል።»

«አንተስ ምን አልክ?» አልኩት።

«ምን እላለሁ? እሺ ጌታዬ አልኩ።»

«ወንድ!»

«አንቺ ደግሞ! ሊቀመንበር ፊት ቆሜ ልፎክር?» ሻዩን ጨለጠና ወደ አባቴ ዞረ። «ናና፣ ብቻ ይምጡ። በሩ ድረስ ይምጡ። የምጠይቀውን መጠየቄ አይቀርም።»

በበዓሉ ዋዜማ ሪፋይ ከራሱ ቤት መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ በረንዳው ላይ ቆመ።

«ዋፓ፣ ይሄ ነገር ይበቃል። ጣዖት ቤት ጨው መሸከም ሽርክ ነው፤ በአላህ ላይ ሌላ ማጋራት ነው።»

«ለጣዖቱ አይደለም፤ ለወጥ ቤታቸው ነው» አሉ አባቴ። «ወጥ ውስጥ ነው የሚጨምሩት።»

«እነሱ ራሳቸው አትምጡ ብለው የለ? ለምን ነገር እንቀሰቅሳለን? ነገ ሱቆቻችን ላይ ድንጋይ ቢወረወር ማን ይጠየቃል?»

«የማሳው ሩዝስ?» አልኩት። «ባለፈው ሁለት ጆንያ ጭነህ ስትሄድ ሽርኩ አልከበደህም?»

«አንቺ ዝም በይ፤ የወንዶች ነገር ነው።»

«ነገ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?» አሉ አባቴ።

«አላህ ያውቃል» አለ። ወንድሜ አላህን የሚጠራው እምቢ ለማለት ሲያፍር ነው።

ጠዋት ተነሳን። አባቴ ነጭ ሽርጥና ነጭ ቆብ አደረጉ። ጨዉን ከወር በፊት ባህር ዳር፣ ፑታላም ድረስ አምስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዘው ነበር ያመጡት፤ ግራጫ፣ ደረቅ ያልሆነ፣ ድንጋይ ድንጋይ የሚል የባህር ጨው ነው። ወደ ቤተ መቅደሱ ከሚያሻግረው የድንጋይ ድልድይ ጀምሮ በራስ ላይ ነው የሚሸከሙት፤ ደንቡ ነው። ዘንቢሉን ላግዝዎት ብላቸው በእጃቸው ገፉኝ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው በየእርምጃው ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር።

በሩ ላይ አራት ወጣቶች ተደርድረው ቆመዋል። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ አራቱንም ሸሚዝ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ልጅ አንገትጌ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ስለካው አርፎ አልቆም ብሎኝ ነው።

«እኔ የሰፋሁትን ለብሰህ ነው የምትከለክለኝ?» አልኩት።

አንገትጌውን ነካ አደረገና ወደ ሰማይ አየ።

ቲላካ ከውስጥ ደረቱን ነፍቶ መጣ። ትከሻው ላይ ነጭ ሻሽ ጣል አድርጓል። «ናና፣ ለአንተው ብለን እኮ ነው። ሕዝቡ ስሜቱ ግሏል፤ አንድ ነገር ብትሆን እኛ ነን የምናዝነው። ጥላው ስር ተቀመጥ፣ ውሃ ያመጡልሃል።»

«አምና እርስዎ ነበርኩ» አሉ አባቴ።

ቲላካ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነውና አልደነገጠም። ፈገግ ብሎ ዞረ።

ሰው እየተሰበሰበ ነበር። ጎረቤታችን ሶማዋቲ አለች፤ ለኢድ የምንልክላትን የኮኮናት ጣፋጭ ከልጆቿ ደብቃ የምትበላዋ። አባቴን ከነዘንቢላቸው አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ መሬት መሬቱን አየች። ከጎኗ ያለችው ደግሞ መጠጠች። ጨዋ ሕዝብ ነው፤ ግፍ ሲያይ ከንፈሩን ይመጣል፣ ከዚያ ለዝሆኑ ማያ ቦታ ይይዛል። ዋና መነኩሴው ሰገነቱ ላይ በማራገቢያቸው ፊታቸውን ጋርደው ቆመዋል። እሳቸውና አባቴ በልጅነታቸው አንድ ወንዝ ውስጥ ዋኝተዋል። ማራገቢያው ከዚያ ወንዝ ሰፋ መሰለኝ።

ከመንገዱ ማዶ፣ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ሪፋይ ከሦስት የመስጊድ ኮሚቴ ሰዎች ጋር ቆሟል። ሁኔታውን ሊከታተሉ ነው የመጡት። የእኛ ትልልቅ ሰዎች ሥራ ይሄው ነው፤ ሁኔታን ይከታተላሉ።

ዊማላሴና ነጭ ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ ከበሮውን ወገቡ ላይ አስሮ ወጣ። አንድ ጊዜ መታ። ሰው ጸጥ አለ።

«ጨው መጣ ወይ?»

«መጣ!» አለ የሱቁ ሠራተኛ። ሃምሳው ፓኬት በፕላስቲክ አበባ ተከቦ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል።

ቲላካ ራሱን ነቀነቀ፤ ለእሱ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎታል። ሥርዓቱን በሕይወቱ አይቶት አያውቅማ! ዝሆኖቹ ለብሰው ካሜራ ሲደገን ነው እሱ የሚመጣው። ሃያ ዓመት ከበሩ ፊት ለፊት ሱቅ ከፍቶ ተቀምጦ፣ አድነዋለሁ የሚለው ሃይማኖት ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚል ጠይቆ አያውቅም።

«ማን አመጣው?» አለ ዊማላሴና።

ሠራተኛው ቲላካን አየ። ቲላካ ሠራተኛውን አየ። «ኮሚቴው» አለ ሠራተኛው።

«ኮሚቴው የማን ልጅ ነው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው።

«አባቱን ጥራ እንጂ» አለ ዊማላሴና፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ። «ሰባት ነው የሚጠራው።»

«አንተ፣ ዝም ብለህ ምታ ብዬህ የለ!» አለ ቲላካ ጥርሱን ነክሶ።

«ጌታዬ፣ ሳይመለስልኝ ብመታ የእኔም መሬት ይሄዳል። ያባቶቼ ደንብ ነው» አለና ጀርባውን ሰጠው። ሁለት እርምጃ ተራምዶ የበሩ ደፍ ላይ ደረሰ። በወጣቶቹ ትከሻ ላይ አሻግሮ፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ እኛ ጮኸ፦ «ማን አመጣው?»

አባቴ ዘንቢሉን ከራሳቸው ሳያወርዱ መለሱ። «የሙሒዲን ልጅ ሜራ፣ የሜራ ልጅ ሲኒ ሌብቤ፣ የሲኒ ሌብቤ ልጅ ኢብራሂም፣ የኢብራሂም ልጅ አሃማዱ፣ የአሃማዱ ልጅ ሳይቡ፣ የሳይቡ ልጅ ካሲም፣ የካሲም ልጅ እኔ ኡዱማ ሌብቤ። ከባህር አመጣሁት።» ድምፃቸው ትንሽ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማ።

«ከእርስዎ በኋላስ?» አለ ዊማላሴና። ደንቡ ‹ከአንተ በኋላ› ነው። እሱ ግን እርስዎ አላቸው። እንባዬ መጣ፤ በቀሚሴ ጠረግሁት።

አባቴ ወደ መድኃኒት ቤቱ ዞሩ። «ልጄ ሪፋይ!»

ሰው ሁሉ አብሮ ዞረ። ሦስቱ የኮሚቴ ሰዎች ሪፋይን አዩት። ሪፋይ ስልኩን አወጣና ማየት ጀመረ። ስድስት ዓመት በስልክ አለሁ ያለ ሰው ስልኩ ውስጥ ተደበቀ።

«ሪፋይ፣ ልጄ!» አባቴ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ዘንቢሉ ተነቃነቀና ጥቂት ጨው ትከሻቸው ላይ ፈሰሰ። ቲላካ ፈገግታው ተመለሰ። እሱና ወንድሜ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሁለቱም አባቴ ዝም እንዲሉ ይፈልጉ ነበር።

ሦስተኛውን አባቴ አልጮኹም። «ሪፋይ» ብቻ አሉ፣ ቤት ውስጥ ውሃ አቀብለኝ እንደሚሉት። ሪፋይ ዞረና መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ገባ። ምን ሊገዛ እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አለሁ!» አልኩ።

አስቤበት አይደለም። ጉሮሮዬን ቀዶት ነው የወጣው፤ ዛፉ ላይ የነበሩት ቁራዎች ተነሱ።

«ሴት ናት እኮ!» አለ ቲላካ። «ሴት ጨው አምጪ ብሎ ነገር የለም!»

«እኔ ማን አለ ብዬ ነው የምጠይቀው» አለ ዊማላሴና። «ጺም አለው ወይ ብዬ አልጠይቅም። ጺም ያለውማ ገባ።»

አሁን የሳቀው አንድ ሰው አልነበረም። ቲላካ ወደ ሰገነቱ ቀና አለ። ዋና መነኩሴው ማራገቢያቸውን ከፊታቸው አወረዱ፤ የሳቀው ሕዝብ ብዛቱ የታያቸው ይመስለኛል። «ተሰምቷል» አሉ። አንድ ቃል። ለዚህች አንድ ቃል ጠዋቱን ሙሉ ጸሐይ ላይ አቆሙን፤ ሰዎች ዛሬም ደፋር መነኩሴ ይሏቸዋል።

ከበሮው ተመታ። አንገትጌው የተጣመመው ልጅ ዘንቢሉን ተቀብሎ ወደ ውስጥ አስገባው። ጨዉ ገባ፤ እኛ አልገባንም፤ ግቡም ያለን የለም። ቲላካ ወዲያው ሮጦ ወጥቶ አባቴን አቅፎ ፎቶ ተነሳ። በሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ከስሩ «የኪሪንደኒያ አንድነት» ይላል። ያን ጋዜጣ ለልብስ ናሙና ቆረጥኩት፤ ጥሩ ወረቀት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት ከፊቴ ሄዱ። ድንጋዩ ድልድይ ላይ ስንደርስ ቆሙና ትከሻቸው ላይ የቀረውን ጨው አራገፉ።

«በጣም ጮኽሽ» አሉኝ።

«እሺ ዋፓ።»

«ጨው አምጪ አይጮህም። ለከርሞ ቀስ ብለሽ በይው።»

በአዝመራ ጊዜ ሪፋይ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ይዞ መጣ፤ ለሁለቱ ጆንያዎቹ ነው። እኔ ከወራት በፊት ጀምሮ የምለውን አዘጋጅቼ፣ ስቀምመው ነበር የከረምኩት። ጣዖትም፣ ሽርክም፣ መድኃኒት ቤትም አለበት። በረንዳው ላይ ተቀመጠ። «አሰላሙ አለይኩም ዋፓ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» አለ።

አባቴ ሰላምታውን መለሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሩዙን ሙይለት» አሉኝ።

«ዋፓ!»

«ሙይለት አልኩሽ። ሁለቱንም።»

ሞላሁለት። አፌ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዋጥኩት። ሪፋይ ሁለተኛው ጆንያ ሲታሰር እያየ ዘና አለ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ነዳጅ መወደድ ማውራት ጀመረ። አባቴ እያዳመጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

«ናፊላ» አሉ ከዚያ፣ በዚያች ቀስ ባለች ድምፃቸው። «ለእንግዳው ሻይ ቅጂለት።»

ሪፋይ እንግዳው የታለ ብሎ ዞር አለ። በረንዳው ላይ ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረም።